ለሚሞቅ ጓንት ሞተሬ ላይ ሶኬት ያስገጠምኩበት የአባይ ማዶው ቤት

ባህር ዳር ተቀምጦ ስለሚሞቅ ጓንት የሚጽፍ ሰው ሊገርማችሁ ይችላል። ከተማችን 1800 ሜትር ላይ ነች፣ ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ ጥላ ፍለጋ ነው የሚኬደው፣ ሞተረኛው ሁሉ በቲሸርት ነው የሚነዳው። እኔ ግን ስራዬ የእንስሳት ጤና ነው፣ መንገዱ ክፍት በሆነ ሳምንት ሁለቴም ሶስቴም በሞተር ሐሙሲትን ወረታን አልፌ ደብረ ታቦር፣ አንዳንዴም ከዛ አልፌ ወደ ጋይንት እወጣለሁ፣ ከህዳር እስከ ጥር ደሞ ገና በደንብ ሳይነጋ ተነስቶ ጉናን በጎን እያዩ መንዳት ምን እንደሆነ የሄደበት ያውቀዋል። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ ንፋስ መውጫ የሚባለውም ከተማ ስሙን ዝም ብሎ አላገኘውም።

ብርዱ ራሱ አይደለም ችግሩ፣ ብርዱ ከንፋስ ጋር ሲሆን ነው። 8 ዲግሪ በሆነ ማለዳ በ60 ስትነዱ ቆዳችሁ ላይ የሚሰማችሁ ወደ 2 ዲግሪ የወረደ ያህል ነው፣ ያንን ደሞ ከሁሉም በፊት የሚቀበለው መሪው ላይ የተዘረጋው እጅ ነው። በ2017 ህዳር ላይ አንድ ቤት ደርሼ በግ ልከትብ ሲሪንጁን ሳነሳው ጣቴ አልታጠፍ አለኝ። ገበሬው በጉን በሁለት ጉልበቱ መሀል አጥብቆ ይዞ እየጠበቀኝ እኔ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ቆሜያለሁ። እናቱ ይህን አይተው ምድጃው ዳር አስገቡኝና እጄን በእጃቸው እያሹ "ልጄ፣ በዚህ እጅ ነው ፍሬን የያዝከው?" አሉኝ። ያቺ ጥያቄ ስመለስ መንገዱን ሙሉ አልለቀቀችኝም፣ እውነታቸውን ነው፣ ጣት ደንዝዞ ፍሬን መያዝ ማለት ከብት በተጠመዘዘ ቁልቁለት ላይ ቢወጣባችሁ ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ መያዝ ማለት ነው።

ስለዚህ ጀርመን ያለው የአጎቴ ልጅ ሲመጣ የሚሞቅ የሞተር ጓንት አምጣልኝ አልኩት። በራሱ ባትሪ የሚሰራም አለ፣ ግን እሱ ሁለት ሶስት ሰዓት ሰርቶ ያልቅበታል፣ እኔ ደሞ ከባህር ዳር ወጥቼ ተመልሼ እስክገባ ቀኑ ያልቃል፣ በየገጠሩም ቻርጅ ማድረጊያ አይገኝም። ስለዚህ ከሞተሩ ባትሪ በ12 ቮልት የሚሰራውን አስመጣሁ። ጥንዱ 27 ዋት ነው፣ ገመዱ በጃኬቱ እጅጌ ውስጥ አልፎ ደረት ላይ እንደ ሹካ ለሁለት ይከፈላል፣ ጫፉ ላይ ሶስት ደረጃ ያላት ማብሪያ አለችው፣ ቀይ ከፍተኛ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ አረንጓዴ ዝቅተኛ። ጓንቱ መጣ፣ ሞተሬ ላይ ግን የሚሰካበት ሶኬት የለም። መሪው ላይ የነበረችው የስልክ ቻርጀር ዩኤስቢ ነች፣ ዩኤስቢ ደሞ 5 ቮልት ነው የሚሰጠው፣ በሱ 12 ቮልት የሚፈልግ ጓንት አይሞቅም። ይህን የምለው ብዙ ሰው "ቻርጀር አለህ አይደል፣ እሱ ላይ ሰካው" ስላለኝ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ሰፈሬ አቅራቢያ ያለ አንድ ጋራዥ ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ ልጆቹ ጎማና ዘይት ላይ ጎበዞች ናቸው። በሀያ ደቂቃ ጨርሰው ሰጡኝ፣ እኔም ፍጥነታቸው ደስ ብሎኝ ነበር የወጣሁት። ምን እንዳደረጉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ፖዘቲቩን የፊት መብራት ገመድ ልጠው እሱ ላይ ጠምዝዘው በፕላስተር ጠቅልለውታል፣ ኔጋቲቩን ቀለም የተቀባ ፍሬም ላይ በብሎን አስረውታል፣ ፊውዝ የሚባል ነገር የለም፣ ገመዱ ደሞ ለቤት መብራት የሚዘረጋው ባለ አንድ ጥቅል ጠንካራ ሽቦ ነው። የቤት ሽቦ ግድግዳ ውስጥ ስለማይነቃነቅ ችግር የለበትም፣ ሞተር ላይ ግን ቀኑን ሙሉ እየተንቀጠቀጠ አንድ ቦታ ላይ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ይሰበራል፣ ለዛ ነው ለተሽከርካሪ በብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሰራው ለስላሳ ገመድ የሚያስፈልገው።

ሁለት ሳምንት ሰራ። ከዛ ታህሳስ መጀመሪያ ላይ አለም ሳጋ ጫካ ጋ ዳገቱን እየወጣሁ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፣ መጀመሪያ የጫካው ከሰል መስሎኝ ነበር፣ ከዛ የፊት መብራቴ ጠፋ፣ ዝቅ ብዬ ሳይ ከታንከሩ ስር ጭስ። ቁልፉን አጥፍቼ ወርጄ መቀመጫውን ስፈታው ገመዱ ልብሱ ቀልጦ ፍሬሙ ላይ ተጣብቋል። ቤንዚኑ ከዛ ቦታ ከአንድ ስንዝር ያልበለጠ ነበር የራቀው። እዛው መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ውሃ ጠጣሁ፣ እጄ የተንቀጠቀጠው በብርድ አልነበረም። ተመልሼ ሄጄ ሳሳያቸው "ጓንትህ ነው ሾርት ያደረገው" ብለውኝ አረፉ። ጓንቱ ምንም አልነበረም፣ እስከ ዛሬ እየሰራ ነው።

አሁን ወደዋናው ልምጣ። የስራ ባልደረባዬ ነው የአባይ ማዶውን ቤት የነገረኝ። አዲሱን ድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ነው፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ያለ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ጠባብ ቤት፣ ውጪው ላይ ያረጁ ባትሪዎች ተደርድረዋል። ምልክት የለውም። ባለቤቱ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው፣ ሁለት ልጆች አብረዋቸው ይሰራሉ።

ገና ስገባ ያደረጉት ነገር ነው ያሸነፈኝ። ሶኬቱን የት ልግጠምልህ አላሉም። "ምን ልትሰካበት ነው? ይዘኸዋል?" አሉኝ። ጓንቱን ሰጠኋቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው መለያው ላይ ያለውን ዋት አነበቡ፣ 27ን ለ12 አካፈሉ፣ ሁለት አምፔር ከትንሽ፣ "ይቺ ቀላል ነች" አሉ። እኔም ድፍረት አግኝቼ "የሚሞቅ ጃኬትም ላስመጣ ነው፣ 90 ዋት ነው፣ ለሱም በሚሆን አድርገው ይስሩልኝ" አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና አንዱን ልጅ አምፖል አምጣ አሉት።

ይህን ነገር ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ ምክንያቱም ሌላ ማንም ጋራዥ ሲያደርገው አላየሁም። ልጁ ሁለት ያረጁ አምፖሎች አመጣ፣ አንዱ 55 ዋት የመኪና የፊት መብራት፣ ሌላው 35 ዋት የሞተር። ሲደመር 90፣ ልክ የጃኬቱን ያህል። ሞተሩን አስነሱ፣ የቮልት መለኪያውን ቴስተር ባትሪው ላይ ሰኩ፣ አምፖሎቹን በሁለት ገመድ ባትሪው ላይ አገናኙ። "ጋዝ ስጠው" አሉኝ። ሰጠሁ። ቁጥሩ ግን አይወጣም፣ 12.4፣ ከዛ 12.2፣ ከዛ 12.1። "አየህ ልጄ፣ ሞተርህ እየጮኸ ባትሪህ እየባከነ ነው። ሲሞላ ከ13 በላይ ማየት ነበረብህ። ጃኬቱን ብሰራልህ ደብረ ታቦር ሞቆህ ትደርሳለህ፣ ስትመለስ ግን ሞተርህ አይነሳም።" ከዛ እነዛን ነቅለው አንዲት የፍሬን መብራት አምፖል አመጡ፣ ባለሁለት ክር፣ አንዱ 21 ዋት አንዱ 5። ሁለቱንም ክር አበሯቸው፣ 26 ዋት፣ ጓንቴን አከለ ማለት ነው። ቁጥሩ 13.4 ላይ ቆመ። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ጋዝ ሳልሰጠው፣ ስለቀው ወደ 12.7 ወረደ፣ ጋዝ ስሰጥ ተመልሶ ወጣ። "ጓንቱን እሺ፣ ጃኬቱን እንቢ" አሉኝ። ለጃኬቱ መስመር ገንዘብ ልከፍላቸው ተዘጋጅቼ ነበር እኮ፣ ያንን ገንዘብ እንዳላወጣ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። ባለሙያ ማለት ለኔ ይሄ ነው።

ስራው ራሱ ሶስት ሰዓት ፈጀ። ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ አስገቡ፣ 5 አምፔር። ለምን እዛ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፣ ፊውዙ የሚጠብቀው ገመዱን ነው አሉኝ፣ ሶኬቱ ጋ ብታስቀምጠው ከባትሪው እስከ ሶኬቱ ያለው ገመድ ቢላጥና ፍሬም ቢነካ የሚያስቆመው የለም፣ ያንተ የተቃጠለው በዚህ ነው። ከዛ ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ጉልበት ትልቁን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ። ሪሌው ላይ አራት እግር አለ፣ ቁጥር ተጽፎበታል፣ 30 ከባትሪው በፊውዝ በኩል ይመጣል፣ 87 ወደ ሶኬቱ ይሄዳል፣ 85 እና 86 ደሞ ሪሌውን የሚያነቁት ናቸው፣ አንደኛውን ከኋላ መብራት ገመድ ላይ ወሰዱት አንደኛውን ማሳ፣ ማለትም ኔጋቲቭ፣ አደረጉት። ጥቅሙ ምንድነው፣ ቁልፉን ስትከፍቱ የኋላ መብራት ሲበራ ሪሌው ቀጭ ይልና ሶኬቱ መብራት ያገኛል፣ ቁልፉን ስታጠፉ እሱም ይጠፋል። ጓንቱን ሰክታችሁ ረስታችሁ ብትገቡ ባትሪው አያልቅም። ደሞ የጓንቱ ጉልበት በኋላ መብራት ገመድ በኩል አይሄድም፣ ያ ቀጭን ገመድ ሪሌዋን ለመቀስቀስ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ከዛ ቁልፉን አጥፍተው ቴስተሩን ሶኬቱ ላይ አደረጉና "አንብብ" አሉኝ፣ ዜሮ። ከፈቱት፣ 12.6። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

ኔጋቲቩን ፍሬም ላይ አላሰሩትም፣ የራሱን ገመድ ይዞ ቀጥታ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ነው የሄደው። ማያያዣዎቹን በእጅ አልጠመዘዙም፣ ጫፍ ላይ በፒንሳ የሚጨመቅ ተርሚናል አስገብተው ላዩ ላይ ጥቁር የጎማ ቱቦ አልብሰው በላይተር ሲያሞቁት ጎማው ተጨማዶ ገመዱን አንቆ ያዘ። ልጁ ይህን ሲሰራ ጠጋ ብዬ አይቼው ነበር፣ ላይተሩን አንድ ቦታ አያቆመውም፣ ወዲያ ወዲህ እያደረገ ነው፣ ጎማው ከመሀል ጀምሮ ወደ ዳር እየጠበበ መጣ፣ በመጨረሻ በጣቱ ጎተት አድርጎ አየውና ወደ ቀጣዩ ሄደ። እያንዳንዷን ጎተት አድርጓል።

ሶኬቱ ላይ ሁለት ምርጫ ሰጡኝ። አንዱ መኪና ላይ የምናውቀው የሲጋራ ማቀጣጠያ ዓይነት ነው፣ ቮልት የሚያሳይ ቁጥር ያለው አለ፣ ሌላው ደሞ ባለሁለት ጥርስ ጠፍጣፋ መሰኪያ ነው፣ ከመቀመጫው ስር በአጭር ገመድ ይወጣል የጎማ ክዳን አለው። እኔ ሁለቱንም አስገባሁ፣ በአንድ ሪሌ ላይ። ለጓንቱ ግን የምመክራችሁ ሁለተኛውን ነው። የሲጋራው ዓይነት ፒስታ መንገድ ላይ በንዝረት ቀስ በቀስ ይወጣል፣ ጣታችሁ ሲቀዘቅዝ ነው የምታውቁት። ባለሁለት ጥርሱ አጥብቆ ይይዛል፣ ከሞተር ስትወርዱ መንቀል ብትረሱ ደሞ ሳይበጠስ ራሱ ይለያያል። ወረታ ላይ ቡና ልጠጣ ስወርድ ደርሶብኛል፣ ጎተት ሲያደርገኝ ነው ያስታወስኩት፣ ገመዱ ምንም አልሆነም።

ቅሬታም አለኝ፣ አልደብቅም። ቀጠሮ የሚባል ነገር የላቸውም፣ ሁለት ሰዓት ና ብለውኝ ከፊቴ ሶስት ባጃጅ ነበር፣ እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የሶኬቱን መያዣ ብረት ሊበሱ ሲሉ መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተር ስለሌላቸው መብራት እስኪመጣ ጠበቅን። ደረሰኝ አይሰጡም፣ ለመስሪያ ቤት ሂሳብ የምታወራርዱ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ እወቁት። ዋናው ግን ይሄ ነው፦ ባለ ቁጥሩን ሶኬት መሪው ላይ በቀኝ በኩል ገጠሙትና መሪውን ሙሉ በሙሉ ሳዞር የተሰካው ነገር ታንከሩን ይገፋ ነበር፣ እነሱም እኔም አላየነውም፣ ያወቅኩት በማግስቱ ጠባብ ቦታ ላይ ልዞር ስል መሪው ሲይዘኝ ነው። ቀስ ብዬ ስለነበር አልወደቅኩም። ወስጄ ሳሳያቸው ጋሼ ሌላ ሰው ላይ አላመካኙም፣ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳላዞር ሰጠሁህ" ብለው በነጻ ወደ ግራ ወደ መሀል አዛወሩልኝ፣ ከዛ መሪውን እስከ ጥግ ወዲያ ወዲህ አዙረው ብለው እኔን ራሴን አስሞከሩኝ። እናንተም የትም ብታሰሩ ከመክፈላችሁ በፊት መሪውን ጥግ እስከ ጥግ አዙሩት፣ ገመዱ እንዳይወጠር ሶኬቱም ምንም እንዳይነካ እዩ።

የመጀመሪያውን ሙከራ እዛው ድልድዩ ላይ ነው ያደረግኩት፣ 380 ሜትሩን ሄጄ ተመለስኩ፣ በ2016 ግንቦት ከተከፈተ ጀምሮ የአባይን ንፋስ በደንብ የሚያገኘው ቦታ እሱ ነው። ለእውነተኛው ሙከራ ግን ሁለት ቀን ቆይቼ ማለዳ ወጣሁ። ፎገራ ሜዳ ላይ በታጨደው ሩዝ እርሻ ላይ ጭጋግ ተኝቷል፣ ጓንቱ አረንጓዴ ላይ ነበር፣ በቂ ነው። ከወረታ ዳገቱን ስጀምር ቢጫ አደረግኩት። ደብረ ታቦርን አልፌ ጉና ሲመጣ ቀይ። ሙቀቱ ከመዳፍ አይደለም የሚመጣው፣ ከጣት ጀርባና ከጫፍ ነው፣ አንድ ሰው ጣታችሁን አንድ በአንድ የያዘላችሁ ነው የሚመስለው። ቁጥሩ መንገድ ላይ 13.5 13.6 ነበር፣ ከተማ ውስጥ ቀስ ብዬ ስሄድ 12.6 ሲሆን አጠፋዋለሁ። እዛው ቤት ደርሼ ጓንቴን አውልቄ ቀጥታ ሲሪንጁን አነሳሁ። እማማ እጄን ይዘው አገላብጠው አዩትና "ዛሬስ እሳት ይዘህ ነው የመጣኸው" አሉኝ።

ከዛ በኋላ ሁለት ነገር ጨመርኩ። ጋሼ በነገሩኝ መሰረት የፊት መብራቴን 35 ዋት ከነበረው አምፖል ወደ ኤልኢዲ ቀየርኩት፣ የሚበላው ስለሚቀንስ ሚኒሞ ላይ ያለው ቁጥር ትንሽ ከፍ ብሏል። ጃኬት ግን አሁንም አላስመጣሁም፣ ደረቴን የሚሸፍነው ከጃኬቱ ስር የምለብሰው የሱፍ ባና ነው፣ የአያቴ ነበር፣ ከሱ የሚበልጥ አላገኘሁም። ሁለተኛው፣ የዘይት ቢጫ ጀሪካን ለሁለት ቆርጬ መሪው ላይ ከእጄ ፊት አሰርኩት። ንፋሱ ቀጥታ እጅ ላይ ካረፈ ጓንቱ ቀይ ላይ ሆኖም ይታገላል፣ ንፋሱ ከተከለከለ ቢጫ ይበቃል። ጓንት ለማስመጣት አቅም የሌለው ሰው ጀሪካኑን ብቻ ቢያደርግ ራሱ ብዙ ለውጥ አለው፣ ዋጋው ምንም ነው።

ክረምቱም አለፈ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ እንዴት እንደነበረ ታውቃላችሁ፣ ባለሁለት ጥርሱ ክዳኑ ከተዘጋ ውሃ አልገባበትም፣ የሲጋራው ዓይነት ግን ክዳኑ ላልቷል፣ አንዴ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዞ በደረቅ ብሩሽ አጽድቼዋለሁ፣ አሁን ስልክ የማልሰካ ከሆነ ላዩ ላይ ላስቲክ አስራለሁ። ፊውዙ አንድም ጊዜ አልተቃጠለም፣ ይህን የምጽፈው ጥቅምት 2018 ላይ ነው፣ አስር ወር ሊሞላው ነው። ትርፍ ባለ 5 ፊውዝ ግን ሁለት መቀመጫዬ ስር አለኝ፣ ጋሼ ናቸው ሲሸኙኝ በወረቀት ጠቅልለው የሰጡኝ፣ "ቢቃጠል ምክንያቱን ሳታይ ትልቅ እንዳትተካበት" ብለው።

የከፈልኩት ሁሉም ተደምሮ 3200 ብር ነው፣ ሪሌው፣ ፊውዙ ከነቤቱ፣ ሁለቱ ሶኬቶች፣ ገመዱና የእጅ ጨምሮ፣ ታህሳስ 2017 ላይ ነው ስለዚህ አሁን ዋጋው ሊለይ ይችላል። የመጀመሪያው ጋራዥ 600 ነበር የወሰደኝ፣ የተቃጠለውን የመብራት ገመድ ለማስተካከል ደሞ ሌላ 900 ወጣብኝ።

መሄድ የምትፈልጉ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ፣ ባጃጆቹ ሳይሰለፉ። እሁድ ዝግ ነው፣ በበዓልም ጋሼ ቤተክርስቲያን ናቸው። የምትሰኩትን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ መሰኪያውን ሳያዩ አይጀምሩም። ባልደረባዬ ሞተሯን ቅዳሜ ትወስዳለች፣ የሷ ባለ 125 ሲሲ ስለሆነ እነዛን አምፖሎች እንደገና ማየቴ አይቀርም፣ ቁጥሩን እዚሁ ስር እጽፍላችኋለሁ።